ጩኸት ያነሰው ጥንስስ

ስሜ ቶርላይቭ ነው፤ የጀልባ ሞተረኛ፣
ከብረት ጋር ኗሪ፣ ከሰው ጋር ዝምተኛ።
ፊዮርዱን ስሻገር ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣
"ይሄ ሰው አፍ የለው" ሲሉኝ ነው የዋሉ።
ቢራዬ ከሱቅ ነው፣ የቆርቆሮ ቢራ፣
አርብ ማታ የምጠጣው ከዝምታ ጋራ።

ታዲያ አንድ መስከረም፣ ዝናብ ሲያካፋ ማታ፣
ጎረቤቴ ጉድላውግ በሬን በዱላ መትታ
ገባች ሳትጠየቅ።
በጨርቅ የጠቀለለችውን ከኪሷ አወጣች፦
ቀለበት የመሰለ፣ ከእንጨት የተቆላለፈ፣
በላዩ እንደ ጭቃ የደረቀ ነገር የተለጠፈ።

"እርሾ ነው" አለችኝ፤ "ያያቴ፣ የናቷ፣
ከዚያ ወዲያ ያለው አይታወቅም ቤቷ።
እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ጋን ማንሣት ተሳነኝ፤
ልጆቼ ኦስሎ ናቸው፣ አንተ ብቻ ቀረኸኝ።
ጎበዝ ስለሆንክ አይደለም፤ ቅርብ ስለሆንክ ነው።
አሁን ብዕር አንሣ፤ ሁለቴ አልናገረው።"

ጻፍኩ፦
"መጀመሪያ እጠብ። ስትጨርስ፣ እጠብ እንደገና።
ቢራ የሚሠራው እርሾው ነው፤ አንተ ምን ነህና!
አንተ አጣቢ ነህ፣ እሱ ነው ባለሙያ፤
ጋኑ ካደፈ ግን ኮምጣጤ ነው ከዚያ ወዲያ።
ጥድ ቆርጠህ አምጣ፣ ፍሬው ያለበትን፣
በውሃ ቀቅለው፣ እስኪወርስ ጠረኑን።
ብቅሉን በሱ ደፍድፍ፤ ክደነው፣ ተወው፣
በየደቂቃው ከፍተህ 'ምነው? ምነው?' አትበለው።
ከሥሩ ጥድ አንጥፈህ፣ ቀስ አርገህ አጥልለው፤
ጠብ ጠብ ይላል፤ ይበል፤ አታስቸኩለው።
እንደታለበ ወተት ለብ ማለት ሲጀምር፣
እርሾውን ጨምርና ጩህ፤ እስኪሰማ መንደር።"

"ጩህ?"
"ጩህ! እርሾው እኮ ወራት የተኛ ነው፤
በሹክሹክታ የተጠራ ማን ነው የሚነቃው?"

ቅዳሜ ጀመርኩት። የአባቴ የመዳብ ጋን
አበባ ተተክሎበት ኖሮ፣ አፈሩን ስገለብጥ
አንድ ትል ወጣ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ።
አጠብኩት። አጠብኩት። እንደገና አጠብኩት፤
ፊቴ ከታቹ ብቅ ሲል እሱንም አጠብኩት።
ጭሱ ዓይኔን አቃጥሎ፣ ጥዱ ቤቴን ሞልቶ፣
ብቅሉ እንደ ገንፎ ከጋኑ ተኝቶ፣
እኩለ ሌሊት ላይ ሙቀቱን በክንዴ ለክቼ፣
የቀለበቱን ፍርፋሪ በመዳፌ ይዤ፣ ፈርቼ፣
ጨመርኩ።
አፌን ከፈትኩ።
የጎረቤት መስኮት መብራት ነበረበት።
ውሻዬ ቀና ብሎ አየኝ።
"ሆ" አልኩ፣ ሳል የመሰለ። እሱም አሳፈረኝ።

ሲነጋ ክዳኑን ብከፍት፣ ዝም።
ጆሮዬን ብደግን፣ ምንም።
አንዲት አረፋ እንኳ አይታይም።
ጋን ሙሉ ዝምታ በገዛ እጄ ጠንስሼ፣
አጠገቡ ቁጭ አልኩ፣ ካልሲዬን እንኳ ሳልለብሰው ረስቼ።

ጉድላውግ መጣች። ጋኑን አላየችም፤ እኔን አየች።
"ጮህክ?"
"ትንሽ።"
"ትንሽ! ትንሽ ማስነጠስ ታውቃለህ አንተ?"
ዱላዋን ወለሉ ላይ ተከለች፣ በሁለት እጇ ተደገፈች፣
ጮኸች።
መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፤ ዳክዬዎች ከውሃው ተነሡ፤
ከፊዮርዱ ማዶ አንድ ሰው "ሆይ!" ብሎ መለሰ፤
ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።
"ያንተ ተራ።"
ጮህኩ። መጀመሪያ ለእርሾው፤
ቀጥሎ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ማታ ላይ ጋኑ አጉረመረመ፤ አረፋው ክዳኑን ገፍቶ፣
ምንጣፉን አቋርጦ፣ ከበሩ ደረሰ ሳይፈራ ሰው አይቶ።
አልዋሽም፦ እሷ ሳትመጣ፣ ጋኑ በርዶ ነበር፤
የአባቴን የበግ ቆዳ ካፖርት ደርቤለት ነበር።
ለጉድላውግ አልነገርኳትም፤ ምን ይጨምራል ነገር?

በአምስተኛው ቀን ቀዳንለት፦
ጉሽ፣ የብርቱካን ልጣጭ ሽታ፣ ጥቂት ጭስ፣
ልክ ያለፈ ጣፋጭ።
በአፏ አዟዟረችው። ግድግዳውን ረጅም ጊዜ አየች።
"ይጠጣል" አለች።
በዚህ አገር ከዚህ የሚበልጥ ሙገሳ የለም።

ቀለበቱን በአረፋው ነክሬ ምድጃው በላይ ሰቀልኩት፤
ደብተሬን ከፍቼ፣ ለመጪው ዓመት ጻፍኩት፦
"ጥድ፣ ይቀነስ። ማጠብ፣ አራት ጊዜ።
ካፖርት፣ ከመጀመሪያው ሌሊት።
ጩኸት፣ ሁለት ነበር፤ ሦስት ይሁን።"